በሙሉ ፈቃዴ

ወዳጆቼ፣ እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ቃላት መካከል ሁለቱ አሁንም እንቅልፍ ይነሱኛል። "በሙሉ ፈቃዴ" የሚሉት ናቸው። የጻፍኳቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በክረምት ዕረፍት፣ በአገራችን ደቡብ በሚገኘው የአያቶቼ ቀበሌ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። የአክስቴ ቃላት ናቸው ተብለው ተጻፉ። እሷ ግን አልተናገረቻቸውም።

ታሪኩ አጭር ነው። አያቴ ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። የተዉት መሬት ትንሽ ነው፤ ግማሹ እንሰትና ቡና፣ ግማሹ የእህል ማሳ። ወራሾቹ ሁለት አጎቶቼና አንዲት አክስቴ ናቸው። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ከሦስት ልጆቿ ጋር ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል፤ አያቴን በመጨረሻ ሕመማቸው ያስታመመችውም እሷ ነበረች። ወንድሞቿ መሬቱን ለሁለት ሲካፈሉ "የኔስ?" አለች። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ይበላሻል። ከሰባቱ አንዱ በልጅነቴ ወንዝ ሲሞላ በትከሻቸው ያሻገሩኝ አባት ናቸው። ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀምጠው፣ የተቆጣውን አብርደው፣ ክፉ የተናገረውን ገሥጸው፣ በመጨረሻም ተኳርፈው የነበሩትን ወንድምና እህት በአንድ ገበታ አስቀምጠው አበሏቸው። ፍርዳቸው ግን ይህ ነበር፦ በአገሩ ልማድ ያገባች ሴት ድርሻዋ በባሏ አገር ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የወንዶቹ ይሁን፤ ለእሷ አንዲት ጊደር ትሰጣት፤ ልጆቿም እስኪያድጉ በቤቱ ትቀመጥ።

"አንተ የተማርክ ነህ፤ ጻፍ" ተባልኩ። ከደብተሬ ሁለት ገጽ ገንጥዬ ጻፍኩ። የውል አጻጻፍ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ቃል በቃል አስጻፉኝ፤ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ ተስማምቻለሁ። አክስቴ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ፈረመች። ከዚያም ዞራ የሁሉንም ጉልበት ሳመች።

ማታ እሳት ዳር ቡና ስታፈላ፣ "ለምን እሺ አልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ፣ "ልጄ፣ እምቢ ብልስ ማን ይቀብረኛል?" አለችኝ።

ሌላም የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። በዚያው ዓመት በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ተፈትኜ ነበር። ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በንብረት ውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሰኔ ላይ በፈተና ወረቀት የጻፍኩትን ነሐሴ ላይ ዋርካው ሥር ረሳሁት። በሁለቱም ቀን እስክሪብቶው በእጄ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ጥያቄ ይህ ነው። አክስቴ ተስማምታለች ወይስ አልተስማማችም? ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ይመስላል። ነገር ግን ሽማግሌም ሕገ መንግሥትም ባሉበት አገር የምንኖር ሁላችን፣ ዛሬ ወይም ነገ፣ በአንድ ዛፍ ሥር ወይም በአንድ ሳሎን ውስጥ ይገጥመናል።

በመጀመሪያ ሽማግሌን ለምን እንደምናከብር እናስታውስ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲደባደቡ አንድ ምንም ሥልጣን የሌለው መንገደኛ "በሕግ አምላክ!" ቢል፣ የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። መንገደኛው ፖሊስ አይደለም፤ ደመወዝ የለውም፤ እስር ቤት የለውም። ያለው ሕዝቡ ለቃሉ የሰጠው ክብር ብቻ ነው። የባህል ሥልጣን የሚባለው ይኸው ነው። ሰው የሚታዘዘው ጠመንጃ ፈርቶ ሳይሆን አምኖበት ነው።

ይህ ሥልጣን በአገራችን መልኩ ብዙ ነው። የኦሮሞ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በሰላም የሚሸጋገርበት ሥርዓት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሲዳማ ነገር ሳይሰማና ሳይመከርበት የማይፈርድበት አፊኒ አለው። ጉራጌ የጆካ ሸንጎ አለው። በአማራው አገር የአገር ሽማግሌ ደም ያደርቃል፤ ኦሮሞው በጉማ ሥርዓት ገዳይና ሟች ወገንን ያስታርቃል። ፍርድ ቤት ነፍሰ ገዳዩን ሃያ ዓመት ሊያስር ይችላል። የሟች ወንድም ግን ጥይቱን ቆጥሮ፣ የሚፈታበትን ቀን ወይም የገዳዩን ወንድም ይጠብቃል። ያንን ጥይት ከኪሱ የሚያወጣለት ዳኛ የለም፤ ሽማግሌ ግን ስንት ጊዜ አውጥቷል። "እርቅ ደም ያደርቃል" የሚባለው በከንቱ አይደለም።

መንግሥታችን ከዚህ ሥልጣን ጋር የነበረው ግንኙነት ሁለት ገጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347፣ በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ የልማድ ደንቦችን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሻረ። ሽማግሌው ግን አዋጁን አላነበበም፤ ዋርካው ሥር መቀመጡን ቀጠለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘቱን አልከለክልም አለ። በአንቀጽ 78 ደግሞ ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ዕውቅና መስጠት እንደሚቻል ደነገገ። በዚሁ መሠረት የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቋል። ሕገ መንግሥቱ በሩን ሲከፍት ግን ሁለት ነገር አጥብቋል። አንደኛው በአንቀጽ 9 ያለው ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ ተፈጻሚነት የለውም። ሁለተኛው በዚያው በአንቀጽ 34 ያለ አንድ ቃል ነው። በባህል የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው።

ፈቃድ። አክስቴ አውራ ጣቷን ያሳረፈችበት ቃል።

እዚህ ላይ ከሁለት ወገን የሚነሡ ሐሳቦችን እሰማለሁ፤ ምናልባት የእናንተም ይሆናሉ። አንዱ እንዲህ ይላል። "ሽማግሌ የኛ ነው፤ ሕገ መንግሥትና ፈቃድ የምትሉት የፈረንጅ ነገር ነው። አባቶቻችን በዚህ ሳይኖሩ አገር አቆይተዋል።" ሌላው ደግሞ፣ "በ21ኛው ክፍለ ዘመን ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ማን መረጠው? ፍርድ ቤት እያለ ዋርካ ሥር መቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው" ይላል።

ለሁለተኛው በቅድሚያ ልመልስ። ፍርድ ቤቱ ከአያቴ ቀበሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቀጠሮ አለ፤ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ አለ። ማመልከቻ ጸሐፊ ይከፈለዋል፤ ምስክር ምሳ ይበላል። አሸንፎ የሚመለሰውም ሰው ውሳኔ ይዞ ይመለሳል እንጂ ጎረቤት ይዞ አይመለስም። ደግሞስ የመንግሥት ሕግ ሁልጊዜ ከልማድ ይሻላል ያለው ማን ነው? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ያንን ቀዳዳ ያተመው መንግሥት ነው። የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስንት ሽማግሌ ወደ ተጠለፈች ልጅ አባት ቤት ተልኮ "የሆነው ሆኗል፤ ስጡን" እንዳለ አስቡ። ልማዱና ሕጉ ተረዳድተው ነበር። ያልተጠየቀችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

ለመጀመሪያው ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ፈቃድ ከውጭ የመጣ ነገር ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሲቀመጡ የሚጠይቁት ምንድን ነው? በብዙ አካባቢ የሽምግልና ደንብ ይታወቃል። ነገር ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ይጠየቃሉ፤ "ነገራችሁን ለኛ ሰጥታችኋል ወይ?" ይባላሉ። "ሰጥተናል" ሲሉ ዋስ ይጠራሉ። ሳይሰጣቸው የሚፈርዱ ሽማግሌዎች የሉም። ጦር የሌለው ሰው ሥልጣን የሚያገኘው ሰዎች ሲሰጡት ብቻ ነውና። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ በሽማግሌው ላይ ባዕድ ቀንበር አልጫነም። የሽማግሌውን የራሱን የመጀመሪያ ጥያቄ ወስዶ ጻፈው እንጂ። ፈቃድ የሌለበት ሽምግልና ሕገ መንግሥቱን ከመጣሱ በፊት ራሱን ያፈርሳል።

በባህሉ ውስጥም ይህን አጥብቀው የጠየቁ ነበሩ። በጉራጌ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላት የቃቄ ወርድወት፣ ሴት ከማትፈልገው ትዳር በራሷ ፈቃድ መውጣት እንድትችል የጠየቀችው ከባህሏ ሸሽታ አይደለም። ሴቶችን አስከትላ እዚያው የጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ ነው። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ሲንቄ አለ፤ እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ሲቆሙ የሚጣሉ ወንዶች ይቆማሉ። ስለዚህ "ባህላችን ነው" የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም። የትኛው ባህላችን? ዝም ያሰኘን ወይስ የተናገርንበት?

ነገሩ የሚከብደው ቀጥሎ ነው። አክስቴም "ሰጥታችኋል ወይ?" ተብላ ነበር፤ "ሰጥቻለሁ" ብላለች። ማንም አልመታትም፤ ማንም አላስፈራራትም። ታዲያ ፈቃዷ የት ላይ ጎደለ?

እኔ እንደሚመስለኝ "እሺ" የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው ጎኑ "እምቢ" ሲኖር ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታ እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ የሌላውን ድምፅ ይመልሳል እንጂ የራሱ ድምፅ የለውም። በድምፅ ብልጫ በሚወሰንበት ጉባኤ የተሸነፈው ሰው እምቢታው ይቆጠርለታል፤ በቃለ ጉባኤ ይጻፍለታል፤ ሽንፈቱን ይዞ አባል ሆኖ ይኖራል። ሁሉም እስኪስማማ በሚመከርበት ሸንጎ ግን ሌላ ውበትና ሌላ አደጋ አለ። ውበቱ ማንም ተረግጦ አለመታለፉ ነው። አደጋው ደግሞ የመጨረሻዋ እምቢ ባይ ላይ ሁሉም ዓይኑን መጣሉ ነው። "ስለ ሽበታችን ብለሽ"፣ "ሽማግሌ አታሳፍሪ" ትባላለች። ያኔ እምቢ ማለት ሽማግሌን መናቅ ይሆናል፤ ሽማግሌን የናቀ ዕድር የለውም፤ ዕድር የሌለው ቀባሪ የለውም። አክስቴ ያን ቀን ጊደርና መሬት እያወዳደረች አልነበረም። መሬትና መቃብር እያወዳደረች ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ሁለት የሽማግሌዎች ጉባኤ ያሳየናል፤ ሁለቱም የተቀመጡት በርስት ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ አንድ ሰው እምቢ ብሏል። የመጀመሪያው በሩት 4 ያለው ነው። ቦዔዝ በቤተ ልሔም በር አሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፣ ከእሱ ይልቅ የሚቀርበውን ዘመድ ስለ ኑኃሚን መሬት ይጠይቀዋል። ሰውዬው በመጀመሪያ እሺ አለ፤ ሩትንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ግን የራሱን ርስት እንዳያበላሽ ፈርቶ በሁሉ ፊት እምቢ አለ። ጫማውን አውልቆ ሰጠ፤ ጉዳዩም ለቦዔዝ ተላለፈ። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆኑ እንጂ አልረገሙትም። ሰውዬው ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በር ንጉሥ ዳዊት የሚወለድበት የዘር ሐረግ ወጣ።

ሁለተኛው በ1ኛ ነገሥት 21 ነው። ናቡቴም እምቢ ብሏል፤ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አክዓብ አልሸጥም አለ። ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፤ የጻፈችው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ በከተማው ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ነው። ጾም ታወጀ፤ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ሁለት ምስክሮች ቆሙ። ከውጭ ላየው ሥርዓቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ሽማግሌ አለ፣ ምስክር አለ፣ ጾም አለ። ናቡቴ ግን በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ወደዚያው የወይን ቦታ ነው።

ሁለቱን ጉባኤዎች የለየው የሽማግሌዎቹ ሽበት አይደለም፤ የሥርዓቱ መሟላትም አይደለም። በአንደኛው እምቢ ያለ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ገባ፤ በሌላው እምቢ ያለ ሰው ሞተ። የማንኛውንም ሸንጎ፣ የዋርካም ይሁን የመንግሥት፣ ጤንነት የምትለኩበት ከዚህ የሚሻል መለኪያ አላውቅም። እምቢ ያለውን ሰው በማግስቱ ምን ያደርጉታል ብላችሁ ጠይቁ።

በዘኍልቍ 27 ደግሞ አምስት እህትማማቾች አሉ፤ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች። ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአባታቸው ስም ሊጠፋ ሲል፣ በሙሴና በአለቆች ሁሉ ፊት ቆመው ርስት ጠየቁ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም የተናገሩት ትክክል ነው አለ፤ ልማዱም ተለወጠ። በምዕራፍ 36 የነገዱ አለቆች ተመልሰው ሥጋታቸውን አቀረቡ፤ ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ ፈርተው ነበር። የእነሱም ሥጋት ተሰማ፤ መፍትሔም ተሰጠው። የሴቶቹም ድምፅ የሽማግሌዎቹም ሥጋት ስፍራ አገኘ። አንዱን ለመስማት ሌላውን ማዋረድ አላስፈለገም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በሌላ መጽሔት ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ የሆነበት ምክንያት አለኝ። እኛ የወንጌል አማኞች ልጆች እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በብዙ አካባቢ የቀድሞውን መሐላና መሥዋዕት አንካፈልም ባሉ ጊዜ ከዕድር ተባረዋል፤ የመቃብር ቦታ ተከልክለዋል፤ እሳት እንኳ የሚያውሳቸው ያጡ ነበሩ። አያቴ ከነዚያ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲሞት ዕድርተኛው አልቀብርም ስላለ፣ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ከቤታቸው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቀበሩት። አክስቴ ያን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። "ማን ይቀብረኛል?" ያለችው ከአየር አምጥታ አልነበረም። ያ ትንሽ መቃብር ያለውም ወንድሞቿ በተካፈሉት፣ ለእሷ ባልደረሳት መሬት ላይ ነው።

ከሰባቱ ሽማግሌዎች አራቱ ደግሞ ዛሬ በአንድ አግዳሚ ከእኛ ጋር የሚዘምሩ አማኞች ነበሩ። በአባቶቻቸው ላይ የተዘጋው በር በአክስቴ ላይ ሲዘጋ አላወቁትም። እኔም ጸሐፊ ሆኜ አላወቅሁትም። የተገፋ ሰው ልጅ፣ ቀን ሲወጣለት ገፊ መሆኑን ሳያውቀው ሊገፋ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ቤተ ክርስቲያናችንም ይገባል። እኛም ሽማግሌዎች አሉን፤ እናስታርቃለን፤ ይቅር ተባባሉ እንላለን። መልካም ነው። ነገር ግን ይቅርታ ስጦታ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ተጠምዝዞ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ የለም። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር ደብዳቤ ራሱን ሽማግሌ ብሎ ይጠራል፤ ማዘዝ እንደሚችልም ይናገራል። ግን አያዝዝም፤ ይለምናል። ፊልሞና የሚያደርገው በጎ ነገር በግድ ሳይሆን በፈቃዱ እንዲሆን ፈልጎ ነው። ሐዋርያ የሆነ ሽማግሌ የሰውን ፈቃድ ካከበረ፣ የእኛ ኮሚቴ የበለጠ ሥልጣን ከየት ያመጣል? የተደፈረች ወይም የተደበደበች እህት "ለቤተ ክርስቲያን ስም ስትይ ተዪው" ስትባል፣ ያ እርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው በደልማ ከመጀመሪያውም የቤተሰብ ክርክር ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ከሽማግሌ እጅ ወደ ሕግ መሄድ ያለበት ነው። ሽማግሌ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በሕግ ፋንታ ግን አይመጣም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሽማግሌን ንቀን እንነሣ አልልም፤ እኔም የሽማግሌ ልጅ ነኝ፤ ነገ ለጋብቻ የምልከውም እነሱን ነው። የምለው ሌላ ነው። የእምቢታ ዋጋ እንዲቀንስ የማድረግ ሥራ የወጣቶች ሥራ ነው፤ ብዙ ጉልበትም አይጠይቅም። ነገር ለሽማግሌ ከመሰጠቱ በፊት ደካማዋን ወገን ለብቻ አግኝታችሁ፣ ሌላ መንገድ እንዳላት ንገሯት፤ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቷ በአንቀጽ 37 እንደተጻፈ፣ ብትሄድም እህታችሁ ሆና እንደምትቀር ንገሯት። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት፣ "አባቶች፣ በመካከላችሁ እናቶችም ይቀመጡ" በሏቸው። እምቢ ብላ ከሸንጎ የወጣች ሴት ቤት በማግስቱ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። እንጨት ፍለጡላት። በልቅሶዋ ቀድማችሁ ድንኳን ትከሉ። "ማን ይቀብረኛል?" ለሚለው ጥያቄ የሕግ አንቀጽ ብቻውን መልስ አይሆንም። "እኛ እንቀብርሻለን" የሚሉ ሰዎች ሲኖሩ ነው አንቀጹ ሥጋ የሚለብሰው።

ይህን ጽሑፍ ከማተሜ በፊት አክስቴን ፈቃድ ጠይቄአት ነበር። "ጻፍ" አለችኝ፤ "ሽማግሌዎቹን ግን አትስደብ፤ አባትህን ያስታረቁ ናቸው" አለች። እንደገና ነገሩ እንዲታይላት ከፈለገች፣ ወደ ሽማግሌም ቢሆን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ አብሬአት እንደምሄድ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ላስብበት" አለችኝ። እስካሁን እያሰበች ነው፤ እኔም አላጣደፍኳትም። አንድ ጊዜ በስሟ ቸኩዬ ጽፌአለሁና።

በየገጠሩና በየሰፈሩ "አንተ የተማርክ ነህ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጻፉ" የሚባሉት እናንተ ናችሁ። እስክሪብቶው አንድ ቀን ለእናንተም ይሰጣችኋል። "በሙሉ ፈቃዴ" የሚለው ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ያዙት። ቀና በሉና ፊቷን እዩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ በትሕትና፣ እምቢ ብትል ምን እንደሚደርስባት ጠይቁ። መልሱን ሳትሰሙ አትጻፉ።